ማኖሜትሩ ሙሉ ቢልም፦ ስለ ጠላቂ ሲሊንደርና ስለ ቫልቩ

የእህቴ ልጅ ጅቡቲ ሄዶ ባሕር ውስጥ ሊጠልቅ ነው። ባለፈው እሑድ በድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ፣ «አጎቴ፣ ኦክስጅኑ ለስንት ሰዓት ይበቃል?» ብሎ ጠየቀኝ። በዚህች አጭር ጥያቄ ውስጥ ሁለት ስሕተቶች አሉ። ጠላቂ በጀርባው የሚያዝለው ኦክስጅን አይደለም፤ መጠኑም በሰዓት አይነገርም። ከሁለቱም የሚብሰው ግን ልጁ ለመጠየቅ ያላሰበው ነገር ነው፦ ሲሊንደሩ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ የግፊት መለኪያውም፣ ማኖሜትሩ፣ ሙሉ መሆኑን እያሳየ፣ አየሩ አፍ ላይ ላይደርስ ይችላል። ሻያችን አልቆ እርሱ ከሄደ በኋላም ነገሩ ከራሴ አልወጣ ስላለ ይህን ጻፍኩ።

ድሬዳዋ ባሕር ባይኖራትም ባሕሩ ለእኛ ሩቅ ሆኖ አያውቅም። የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ ርቀቱም 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ሲመጣ፣ እርሱን ለማየት ብለው የሚወርዱ የከተማችን ልጆች አሉ። እኔ በያጅ ነኝ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ከኦክስጅንና ከአሲቲሊን ሲሊንደር ጋር ሲሆን፣ መጥለቅን የተማርኩት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ ነው። ሲሊንደርን መፍራትና ማክበር ግን ከባሕሩ በፊት ብየዳ ቤት አስተምሮኛል።

በኦክስጅኑ ልጀምር። የጠላቂ ሲሊንደር የሚሞላው በተጣራና እርጥበቱ በተወሰደለት ተራ አየር ነው፤ 21 በመቶው ኦክስጅን፣ 78 በመቶው ናይትሮጅን፣ ልክ አሁን እንደምንተነፍሰው። ንጹሕ ኦክስጅን ከ6 ሜትር በታች ለሚወርድ ሰው መርዝ ይሆናል፤ በግፊት ሲተነፈስ ድንገት ያንቀጠቅጣል፤ ውኃ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ሰው ደግሞ የአፉን ዕቃ ይለቅና ይሰጥማል። ስለዚህ «ብየዳ ቤት ኦክስጅን አለ፣ ከዚያ እናስሞላ» የሚል ሐሳብ ለጨዋታ እንኳ መነሣት የለበትም። የጎሚስታው ኮምፕሬሰርም አይሆንም። እርሱ የሚደርሰው እስከ 8 ወይም 10 ባር ነው (ግፊት የሚሰፈረው በባር ነው)፤ አየሩም የኮምፕሬሰሩን ዘይት ይዞ ይወጣል። የጠላቂ ሲሊንደር የሚሞላው ለመተንፈሻ ተብሎ በተሠራ፣ ማጣሪያ ባለው ልዩ ኮምፕሬሰር ብቻ ነው።

አሁን ወደ «ስንት ሰዓት» እንምጣ። በኪራይ በብዛት የሚገኘው የአሉሚኒየም ሲሊንደር ባዶውን ቢሆን 11.1 ሊትር ውኃ ይይዛል፤ ከአንድ መካከለኛ ጀሪካን ብዙም አይበልጥም። የሥራ ግፊቱ ግን 207 ባር ነው። የመኪና ጎማ ከ2 ባር ትንሽ በላይ እንደሚነፋ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል። በ200 ባር የተሞላ እንደሆነ 2,220 ሊትር አየር ታምቆበታል ማለት ነው፤ ይህ አየር ቢመዘን ከ2 ኪሎ ተኩል በላይ ይሆናል።

የተረጋጋ ሰው በየብስ ላይ በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ሊትር አየር ይተነፍሳል። በ20 ብናሰላው ያ ሁሉ አየር ለ111 ደቂቃ ይበቃል። ባሕር ውስጥ ግን ላይ ካለው የአንድ ባር የአየር ግፊት ሌላ በየ10 ሜትሩ አንድ ባር ግፊት ይጨመራል፤ ሳንባ በዚያ ግፊት ውስጥ እንዲሞላ ደግሞ አየሩም እኩል መታመቅ አለበት። በ10 ሜትር እያንዳንዱ ትንፋሽ ሁለት እጥፍ አየር ይበላል፣ በ20 ሜትር ሦስት እጥፍ፣ በ30 ሜትር አራት እጥፍ። ላይ ሲመለሱ ሊኖር የሚገባውን 50 ባር መጠባበቂያ ቀንሰን ስናሰላ፣ ያው ሲሊንደር በ20 ሜትር ለ27 ደቂቃ፣ በ30 ሜትር ለ20 ደቂቃ ያህል ብቻ ይበቃል። የደነገጠ ወይም ከሞገድ ጋር የሚታገል ሰው ደግሞ ከዚህ እጅግ ፈጥኖ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ለእህቴ ልጅ የሰጠሁት መልስ፣ «ስንት ሜትር ልትወርድ ነው? እንዴትስ ነው የምትተነፍሰው?» የሚል ነበር።

ሙቀትም በዚህ ውስጥ እጁ አለበት፤ እኛ የድሬ ሰዎች ፀሐይ ጎማን እንዴት እንደምታሳብጥ አንስተውም። ፀሐይ ላይ ውሎ 50 ዲግሪ የደረሰ ሲሊንደር 200 ባር ቢያሳይ፣ 28 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ሲገባ ወደ 186 ባር ይወርዳል። አየሩ አልፈሰሰም፤ ቀዝቅዞ ነው። ከመሙያው ትኩስ እንደወጣ የተነበበ ቁጥርም እንዲሁ ያታልላል። የሚታመነው ሲሊንደሩ ጥላ ሥር ውሎ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚነበበው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ቫልቩ ደርሰናል። ቫልቩ በሲሊንደሩ አንገት ላይ የታሰረ የናስ ቧንቧ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ እጀታው ወደ ግራ ሲዞር ይከፈታል፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ይዘጋል። በቫልቩ አፍ ላይ ሬጉላተር የሚባለው መሣሪያ ይገጠማል። የሬጉላተሩ የመጀመሪያ ክፍል ያንን 200 ባር በአካባቢው ካለው የውኃ ግፊት 10 ባር ገደማ ወደሚበልጥ መጠን ያወርደዋል፤ አፍ ላይ ያለው ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ልክ ጠላቂው ባለበት ጥልቀት ግፊት አድርጎ፣ እርሱ ሲስብ ብቻ ይሰጠዋል። ይህን ዓይነቱን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1943 ፈረንሳዮቹ ዣክ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን አብረው ሠሩት። ጋኛን በጦርነቱ ዘመን ቤንዚን ሲጠፋ መኪናን በጋዝ ለማስኬድ የሚያገለግል መቆጣጠሪያ ሲያበጅ የነበረ የጋዝ መሐንዲስ ነው። የባሕር ውስጥ መተንፈሻ ከመኪና ሞተር መቆጣጠሪያ መወለዱ እንደ እኔ ዓይነቱን የጋራዥ ሰው ደስ ያሰኘዋል።

ልብ ማለት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ማኖሜትሩ፣ ማለትም ግፊቱን የምናነብበት መለኪያ፣ በቀጥታ ከሲሊንደሩ ጋር አልተገናኘም። ከቫልቩ ወዲህ፣ ሬጉላተሩ ላይ ነው የተሰካው። ቫልቩ ለአፍታ ተከፍቶ ተመልሶ ቢዘጋ፣ በቱቦውና በሬጉላተሩ ጓዳ ውስጥ የታመቀው ጥቂት አየር እዚያው ይቀራል፤ ጠቋሚውም 200 ላይ ቆሞ ይቀራል። የሚያየው ሰው «ሞልቷል» ይላል። ሲሊንደሩ በእርግጥ ሞልቷል፤ መንገዱ ግን ተዘግቷል። በቱቦው ውስጥ ያለው አየር ለጥቂት ትንፋሾች ብቻ ነው የሚበቃው።

ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ቫልቭ ግን ከሁሉ የከፋው አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ገና ጀልባው ላይ ሳለን ይጋለጣል። ክፉው በከፊል የተከፈተው ነው። ቧንቧን ጥቂት ብቻ ከፍታችሁ ብርጭቆ ብትደቅኑበት ወዲያው ይሞላል፤ በርሜል ብትደቅኑበት ግን ቆማችሁ ትውላላችሁ። ጀልባ ላይ ያለ ትንፋሽ ብርጭቆው ነው። 30 ሜትር ላይ ያለው ትንፋሽ አራት ብርጭቆ በአንዴ ይጠይቃል፤ ጭላንጭሉ ይህን ሊያደርስ አይችልም። በዚያ ላይ ሲሊንደሩ እየጎደለ በሄደ ቁጥር የሚገፋው ኃይል ይቀንሳል። ስለዚህ ላይ ሆኖ ምንም ችግር ያልነበረበት ዕቃ፣ ሰውየው ታች ደርሶ አየር በሚያስፈልገው ሰዓት ያንቀዋል።

ይህ በራሴ ላይ ደርሷል። ሲሊንደሬን ራሴ ከፍቼ፣ ራሴ አይቼ ነበር። ልንዘል ስንል ከጀልባው ሠራተኞች አንዱ ሊረዳኝ ፈልጎ ከኋላዬ መጥቶ እጀታውን ነካ ነካ አደረገ። ቅን ሰው ነው፤ መከፈቱን ማረጋገጡ ነበር። እርሱ ግን ፊት ለፊት ካለ ሰው ጋር ሲሠራ እንደለመደው አዙሮት ኖሮ፣ መጀመሪያ ዘግቶት ከዚያ ጥቂት መልሶ ከፈተው። 18 ሜትር ላይ ትንፋሼ ከበደኝ። በጨርቅ ውስጥ የምስብ መሰለኝ። ማኖሜትሩን ሳየው 120 ላይ ነበር፤ እያየሁት ስስብ ጠቋሚው ወደ 60 ወደቀ፣ ስተው ተመልሶ 120 ሆነ። ለጠለቃ ጓደኛዬ በእጄ አሳየሁት፤ መጥቶ እጀታውን እስከ መጨረሻው ከፈተልኝ። ነገሩ በሙሉ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ እስከ ዛሬ ግን የዚያ ጠቋሚ መውጣትና መውረድ ዓይኔ ላይ አለ።

ከዚያ ወዲህ ዘወትር የማደርገውና ለእህቴ ልጅም ያስተማርኩት አንድ ፈተና አለ። ዕቃው ሁሉ ተገጥሞ፣ ለመዝለል ከመነሣታችሁ በፊት፣ ማኖሜትሩን ዓይናችሁ ፊት ይዛችሁ በዚያው ሬጉላተር አራት ወይም አምስት ጊዜ በኃይል ሳቡ። ዓይን ከጠቋሚው አይነሣ። ጠቋሚው ንቅንቅ ካላለ ቫልቩ ክፍት ነው። በሳባችሁ ቁጥር ወርዶ ስታቆሙ የሚመለስ ከሆነ በከፊል ነው የተከፈተው። ወርዶ የማይመለስ ከሆነ ተዘግቷል። ትንፋሹ ብቻ አይበቃም፤ ማየቱ ብቻም አይበቃም፤ ሁለቱ በአንድ ላይ ነው የሚሠሩት። ከዚህ ፈተና በኋላ ሌላ ሰው እጀታውን ከነካው ደግሞ ፈተናው እንደ አዲስ ይጀመራል። ማንም ቅር አይበለው።

ስለ ሩብ ዙር የሚባለውንም ላንሣ። የቆዩ ጠላቂዎች፣ «እስከ መጨረሻው ክፈትና ሩብ ዙር መልሰው» ብለው ያስተምራሉ። የጥንት ቫልቮች እስከ መጨረሻው ተከፍተው ከቆዩ ይጣበቁ ስለነበር ልማዱ በዘመኑ ምክንያት ነበረው። እኔም በብየዳ ቤት ከሽማግሌዎች ተምሬው ነበር። ለጠላቂ ግን ይህ ልማድ በር ይከፍታል፦ አንዱ እስከ መጨረሻው ከፍቶ ሩብ ይመልሳል፣ ሌላው መጥቶ እስከ መጨረሻው የከፈተ መስሎት ይዘጋውና ሩብ ዙር ይመልሰዋል፤ ሁለቱም እጆች እጀታውን ሲነኩት የሚሰማቸው አንድ ነው። አሁን ያሉት ቫልቮች እስከ መጨረሻው ቢከፈቱ አይጎዱም። ስለዚህ የኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ቫልቭ ወይ ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ዝግ ነው፤ መካከለኛ የለውም።

ስለ አከፋፈቱ ብየዳ ቤት ያስተማረኝ ነገር ሁሉ ለባሕሩም ሠርቷል። ሬጉላተሩን ከመግጠማችሁ በፊት ቫልቩን ለቅጽበት ከፍታችሁ ዝጉት፤ አፉ ላይ የተቀመጠ አሸዋና የውኃ ጠብታ ተፍቶ ይወጣል። ከገጠማችሁ በኋላ በዝግታ ክፈቱ፤ በድንገት የሚገባ ግፊት አየሩን ያግለዋል፣ ዕቃውንም ይመታዋል። ስትከፍቱ የማኖሜትሩን መስታወት ከፊታችሁም ከሰውም ፊት አዙሩት፤ ቢፈነዳ ወደ ማንም አይረጭ።

ከዚያ ጆሮ ስጡ። ሽሽ የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ በቫልቩና በሬጉላተሩ መካከል አየር እንዳያመልጥ የምትዘጋው ክብ ጎሚኒ ናት። ማቀፊያውን በብሎን በሚያጠብቀው ዓይነት ቫልቭ ላይ ያቺ ክብ ጎሚኒ የምትቀመጠው ሲሊንደሩ ላይ ነው፤ ስለዚህ በተከራያችሁ ቁጥር የማታውቁትን ጎሚኒ ነው የምትቀበሉት። ተሰንጥቃ፣ ደርቃ ወይም ጭራሽ ጠፍታ ልትገኝ ትችላለች። በጥርስ ተጠምዝዞ የሚገባው ዲን የሚባለው ዓይነት ግን ጎሚኒው ራሱ ሬጉላተሩ ላይ ስለሆነ ባለቤቱ ይንከባከበዋል፤ ለከፍተኛ ግፊትም የተሻለ ነው። ጎሚስታ የተነፈሰ ከመነዳሪ ባልዲ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ እንደሚፈልግ ሁሉ፣ ጠላቂም ጥቂት ሜትር እንደወረደ ጓደኛውን ዞር አስብሎ ቫልቩ ላይ አረፋ መኖር አለመኖሩን ያያል።

የቫልቩ አንገት ላይ ያለው ጥርስ የጠላቂው ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን ማወቁ አይከፋም። ሁለት ተቀራራቢ ልኮች አሉ፤ አንዱ የ25 ሚሊ ሜትር የሜትሪክ ጥርስ፣ ሌላው የ3/4 ኢንች። ሜትሪኩ ቫልቭ በኢንቹ አንገት ውስጥ ገብቶ ይዞራል፣ የያዘም ይመስላል። ሲሊንደሩ ሲሞላ ግን በዚያች ጠባብ ክብ ላይ የሚያርፈው ኃይል ወደ 10 ኩንታል ይጠጋል፤ በትክክል ያልያዘ ጥርስ ይህን አይችለውም፣ ቫልቩ እንደ ጥይት ይወጣል። በዚህ ምክንያት ሰዎች ሞተዋል። «የኔ ቫልቭ ተበላሽቷል፣ ከሌላ ሲሊንደር ፈትተን እንግጠም» የሚል የጋራዥ ብልሃት እዚህ ቦታ የለውም። ቆሞ የተተወ ሲሊንደርም እንዲሁ ነው፤ ጀልባ ሲናወጥ ወድቆ ቫልቩን ይመታል። አስተኝታችሁ እሰሩት።

ሲሊንደሩ ትከሻ ላይ ቁጥሮች ተቀርጸው ታገኛላችሁ። ከነዚያ መካከል የግፊት ፈተናው የተደረገበት ወርና ዓመት አለ፤ በአብዛኛው አገር በየ5 ዓመቱ በውኃ ተሞልቶ ከሥራ ግፊቱ በላይ ይፈተናል። በተጨማሪም በየዓመቱ ተከፍቶ ውስጡ በዓይን መታየቱ የተለመደ ነው። ቀኑ ያለፈበት ከሆነ በጨዋነት ሌላ ጠይቁ። ማፈር አያስፈልግም፤ የሚገባችሁን ነው የጠየቃችሁት።

አየሩንም አሽትቱት። የዘይት፣ የጭስ ወይም የሻገተ ሽታ ካለው አትጥለቁበት። የኮምፕሬሰሩ አየር መሳቢያ ከሞተር ጭስ አጠገብ ከሆነ ካርቦን ሞኖክሳይድ አብሮ ይገባል፤ ይህ ጋዝ ራሱ ሽታ የለውም፣ ነገር ግን አብሮት የሚመጣው ጭስ አንዳንዴ ያጋልጠዋል። ጀልባ ላይ ምንም ያላደረገ መጠን ጥልቀት ላይ በግፊቱ ልክ ይባዛል። በብርድ ሌሊት ክፍል ዘግቶ ከሰል ማንደድ የሚያመጣውን የሰማ ሁሉ ይህን ጋዝ ያውቀዋል።

ውኃ ውስጥ ትንፋሽ ከከበደ ከላይ እንዳልኩት ጠቋሚውን እያያችሁ ሳቡ። ምልክቱን ለጓደኛችሁ ስጡ፤ አየር የለኝም ለማለት መዳፍን ጉሮሮ ላይ አግድም ማስኬድ በመላው ዓለም የታወቀ ነው። የእርሱን ተለዋጭ የአፍ ዕቃ ያዙና አብራችሁ ውጡ፤ በደቂቃ ከ9 ሜትር ሳትፈጥኑ፣ ትንፋሽ ሳትይዙ። ከ10 ሜትር ወደ ላይ ሲወጣ በሳንባ ያለ አየር እጥፍ ይሆናልና፣ ትንፋሹን የያዘ ሰው ሳንባው ይቀደዳል። ለዚህ ነው ጓደኛ በእጅ የሚደረስበት ቦታ መሆን ያለበት።

ላይ ስትደርሱ ሲሊንደሩን እስከ መጨረሻው አትጨርሱት። ባዶ ሲሊንደር የባሕር ውኃ ያስገባል፤ በብረት ሲሊንደር ውስጥ ደግሞ ውኃው ዝገት ያበቅላል፣ ዝገቱም በዝግ ዕቃ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን እየበላ ቀስ በቀስ ያሳንሰዋል። እንዲህ የቆየ አየር በማኖሜትር ሙሉ ነው፣ በሳንባ ግን አያኖርም።

አንድ ነገር ከባሕር ወለል ከፍ ብለን ለምንኖረው ለእኛ ብቻ ይቀራል። ጥልቀት ላይ በደም የሟሟው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ግፊቱ ቶሎ ቢቀንስ አረፋ ይሠራል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ሐረር 1,885 ሜትር አካባቢ ናት። ከጅቡቲ ወደ ቤት መውጣት ስለዚህ እንደ መብረር ነው የሚቆጠረው። የጠላቂዎች መመሪያ ከአንድ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ለጠለቀ ሰው ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየትን ያዛል። የእህቴ ልጅ ቅዳሜ ሁለት ጊዜ ሊጠልቅና እሑድ ማለዳ መኪና ሊሳፈር ነበር ያሰበው። ሁለተኛው ጠለቃ ከቀኑ 10 ሰዓት ቢያበቃ፣ 18ቱ ሰዓት የሚሞላው እሑድ ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ጉዞውን ወደ ሰኞ አዛውሮታል።